በበረንዳው በኩል ያልቀላው አበባ

ጥቅምት 20 ቀን 2001፣ ሐሙስ

አቶ ተከስተ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ከኛ ሰፈር፣ ከካዛንቺስ ወረድ ብሎ የተከፈተው አዲሱ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ናቸው። አምና ለመሥሪያ ቤታችን የገና ግብዣ የሠራሁትን የጠረጴዛ አበባ አይተውት ኖሮ፣ ዘንድሮ ለሆቴላቸው እንድሠራ ይፈልጋሉ። ለፈረንጆች ገና አንድ ዙር፣ ለኛ ገና ሌላ ዙር። እንግዳ መቀበያው ላይ፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ በሩ ላይ፣ ሁሉም ቀይ። «ቀይ የሌለበት ገና ምኑ ገና ነው?» አሉኝ። እሺ አልኩ። አፌ ከሐሳቤ ይቀድማል፣ ምን ላድርግ።

ቀዩማ ግቢዬ ውስጥ ነው። የገና አበባው እኛ እዚህ ቤት ሳንገባ የተተከለ ነው፤ አሁን ከበረንዳው ጣሪያ አልፏል። በየዓመቱ ኅዳር ሲጋመስ ጫፍ ጫፉ ላይ ያሉት ቅጠሎች መቅላት ይጀምራሉ፣ ለገና ግቢው ቀይ ይለብሳል። ሰው አበባ ይለዋል እንጂ ቀዩ ቅጠሉ ነው።

ማታ ለእማማ ነገርኳቸው። እማማ አስቻለች የባለቤቴ እናት ናቸው። ከኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ቆዩ፤ ሳሎን ነው የሚተኙት። «ኢያቄም ሲመጣ ደስ ይለዋል» አልኳቸው። «ደወለ?» አሉ። «ደወለ። ሰላም በይልኝ ብሏል።»

ኢያቄም ፊልድ ነው። ቀያሽ አይደል፣ ፊልድ መውጣት ሥራው ነው። ከመስቀል ማግስት ጀምሮ አልተመለሰም። የመንገድ ሥራ እንደሆነ ይጓተታል።

የበረንዳውን መብራት አብርቼ ልተኛ ነው። አዲሱ አምፖል ኃይለኛ ነው። በውድቅት ቢመጣ በር በዳበሳ መፈለግ የለበትም።


ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ቸኩያለሁ። ሽቦ መግዛት አላስፈለገኝም። በር ላይ ለሚሰቀለው ክብ ጉንጉን የልብስ መስቀያ ይበቃል፤ ጎተት ጎተት አድርጎ ክብ ማድረግ ነው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ባዶ መስቀያ ሞልቷል። ሱፎቹን በሙሉ፣ አንገቱን ገልብጬ የሰፋሁለትን ሸሚዝ ሳይቀር፣ ይዟቸው ሄዷል። ገጠርም ስብሰባ አይጠፋም።


ኅዳር 3፣ ረቡዕ

ከሥራ ስመለስ ሳሙና ልገዛ ጀማነሽ ሱቅ ጎራ አልኩ። ሱቋ ከኛ በር ፊት ለፊት ነው፤ ማን ገባ ማን ወጣ ከእሷ አያልፍም። ከአንዲት ሴት ጋር እያወራች ነበር። «ላንቻ ታክሲ መያዣው ጋ በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት፣ ፊልድ ብሎ ነገር…» ስትል ደረስኩ። ሴትዮዋ ሳትሰናበት ሄደች። ጀማነሽ ሳሙናውን ስትሰጠኝ «ጦቢያዬ፣ ከሳሽ እኮ» አለችኝ።

ሰው ይመሳሰላል። ስለ ማን እንደሚያወሩም አላውቅም። በአዲስ አበባ ፊልድ የሚወጣው አንድ ሰው ብቻ ነው እንዴ?

ሳሙናውን ሱቁ ውስጥ ረስቼው መጣሁ። አልመለስም።


ኅዳር 8፣ ሰኞ

አንድ ነገር ልክ አይደለም። ጓሮ በኩል ያሉት ቅርንጫፎች እንደ ወትሯቸው ቀላ ቀላ ብለዋል። በረንዳው በኩል ያሉት ግን፣ የሚበዙት እነሱ ናቸው፣ አንድም ቀይ የለባቸውም። ክረምቱ ገና ያልወጣ ይመስላቸዋል። ውሃ አጠጣሁ፣ ፍግ አስመጣሁ፣ ቆፈር ቆፈር አደረግኩለት። ምን ጎደለው? አቶ ተከስተ ምን ልበላቸው?

እግሬ አላስቀምጥ ብሎኛል። እራት ላይ ሁለቴ ተነስቼ ወጥቼ አየሁት። እማማ «ተቀመጪ፣ አበባ ስላዩት አይቀላም» አሉኝ። ተናደድኩባቸው። ደግሞ መናደዴ አናደደኝ።


ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ዙለይካ መጣች። አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ናት፤ ጨርቅ ትነግዳለች፣ ጥብጣቡን የማገኘው ከእሷ ነው። በረንዳ ላይ ቀዩን ከወርቃማው እየለየን ሳለ ቀና ብላ ዛፉን አየችና «እንዴ፣ ይሄ ግማሹ ታመመ?» አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። የቀላው የአምፖሉ ብርሃን የማይደርስበት ነው። ቁልጭ ብሎ መስመር ተሰምሯል፤ የቤቱ ግድግዳ ብርሃኑን እስከከለለበት ቀይ፣ ከዚያ ወዲህ አረንጓዴ። ድሮ ከመተኛታችን በፊት መብራቱን እናጠፋ ነበር። ዘንድሮ ሌሊቱን ሙሉ ይበራል።

«ዙሌ፣ መብራቱ ነው! ሌሊቱ ካልጨለመለት አይቀላም ማለት ነው» አልኳት።

«ታዲያ አጥፊዋ! ማለቴ፣ ለማን ነው ሌሊቱን ሙሉ የሚበራው?»

ጥብጣቡን ጠቅልላ ፈታችው።

«ሌባ በዝቷል» አልኩ በመጨረሻ።

እማማ ደረጃው ላይ ጉልበታቸውን ፀሐይ እያሞቁ ነበር። የሰሙን አይመስለኝም።


ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ማጥፋት ነው እንግዲህ። ምን ያስቸግራል? ጣት ማንሳት ብቻ ነው።

አጠፋሁት። መልሼ አበራሁት። ቢመጣና ጨለማ ቢያገኝ ምን ይላል? እማማንስ ምን እላቸዋለሁ? ልጅዎ መንገድ ላይ እያለ ለአበባ ብዬ መብራት አጠፋሁ ልበላቸው? ጀማነሽ ደግሞ ከሱቋ ታያለች። «ይኸው፣ ቁርጧን አወቀች» ትላለች።

አንሶላ ላልብሰው ብዬ ወንበር ላይ ወጣሁ። ትልቁ አንሶላችን ለአንድ ቅርንጫፍ አልበቃ አለ። እዚያው ላይ ቆሜ ሳቄ መጣ። እማማም በመስኮት አይተውኝ ሳቁ። ከመስቀል ወዲህ ሁለታችንም ስንስቅ የመጀመሪያችን ሳይሆን አይቀርም።

መብራቱ በርቷል።


ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን። በየደጁ ቆሻሻ እየነደደ ሰፈሩ ጢስ ብቻ ሆኗል። ጀማነሽ እሳቷን አጥራችን ሥር አንድዳው ቅጠሉን እንዳትለበልብብኝ ባልዲ ይዤ ስጠብቅ አመሸሁ።

እማማን ጉንፋን ይዟቸዋል። «ሌሊት ብርድ መታኝ» ይላሉ። ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው። «ኢያቄምም ጉንፋን ይዞታል፣ ሲደውል ድምፁ ተዘግቷል» አልኳቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንጃ። «ይሻለዋል» አሉኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው።


ኅዳር 21፣ እሑድ

የራሴ ካልቀላ የሰው እለምናለሁ አልኩ። ላንቻ አካባቢ በየግቢው የገና አበባ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ዙለይካን አብረሽኝ ሂጂ አልኳት። «ላንቻ? ላንቻ ምን አለ? ኧረ ቂርቆስ ይሻላል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያሉት አሮጌ ግቢዎች ውስጥ ሞልቷል። በቃ እኔ አሳይሻለሁ» ብላ ድርቅ አለች። እንዲህ ስትሆን አይቻት አላውቅም። ብቻዬን ሄድኩ።

ከቅዳሴ መልስ እስከ ከሰዓት አጥር ለአጥር ዞርኩ። እያንዳንዷን ቅያስ ገብቼ ወጣሁ። አሁን ሳስበው በቀይ አበባ የተሸፈኑ ግቢዎችን አልፌአቸው ነው የሄድኩት። አንዱ በር ላይ ሽማግሌ ሰው ተቀምጠው ነበር፤ ብጠይቃቸው እምቢ የሚሉ አይመስሉም። አልጠየቅኳቸውም።

አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ ልብስ ተሰጥቷል፤ የሴት ቀሚስ፣ ፎጣ፣ ባለ መስመር ሸሚዝ። የሸሚዙ አንገት ተገልብጦ የተሰፋ ነው። ነጭ ክር ሲያልቅበት በክሬም የተጨረሰ።

እንዲህ ዓይነት ሸሚዝ መርካቶ በክምር ነው የሚሸጠው። አንገት የሚገለብጥ ሰውም ብዙ ነው። ነጭ ክር ደግሞ በማንም ቤት ያልቃል።

አንዲት ሴት እየዘፈነች ወጣችና ልብሱን ማገላበጥ ጀመረች። ወጣት ናት። «ማንን ፈለጉ?» አለችኝ፣ በትሕትና። እርስዎ ነው ያለችኝ። «አበባ» አልኳት። «አበባ የምትባል እዚህ የለችም» አለችኝ።

በእግሬ ነው እስከ ቤት የመጣሁት። ታክሲ ትዝም አላለኝ።


ኅዳር 22፣ ሰኞ

ቢሮ አልሄድኩም። አሞኛል አልኩ። ዛሬ እማማ «ደወለ?» አላሉኝም። ሽሮ ሠርተው አልጋዬ ድረስ አመጡልኝ። ከዚያ «ሸኖ ያለችው የወንድሜ ልጅ ነይ ነይ ትለኛለች። ከበዓል በኋላ ወደሷ ብሄድስ?» አሉ። ጮህኩባቸው። «እዚህ ምን ጎደለብዎት?» አልኩ። «ምንም» ብለው ሳህኑን አንስተው ወጡ። አማቴ ላይ ጮህኩ። ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ?

መብራቱን ግን አበራሁት። ሸኖ ሊሄዱ ያሰቡት ልጃቸው ናፍቋቸው ይሆናል። እኔ ካጠፋሁት ምን ተስፋ ይኖራቸዋል? ለሳቸው ስል ነው።


ኅዳር 29፣ ሰኞ

አረፋ ነው። ዙለይካ ጾም ላይ መሆናችንን ስለምታውቅ ለእኔና ለእማማ በዘይት ለብቻ ሠርታ ላከችልን። ልጠይቃት ገባሁ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቶ ልጆች ሲሯሯጡ ሳይ ደስም አለኝ፣ ሆድም ባሰኝ። ስለ ላንቻ አልጠየቀችኝም፣ አልነገርኳትም።

ስትሸኘኝ «አምፖልሽ ተቃጠለ እንዴ?» አለችኝ። «ለሱብሂ ሶላት ስነሳ በረንዳችሁ ድቅድቅ ነው።»

«ማታ አብርቼው ነው የምተኛው፣ ጠዋትም ስነሳ በርቶ ነው የማገኘው» አልኳት። መብራት እንደሆነ ይሄዳል ይመጣል። እሷ የምትነሳው ሲሄድ ይሆናል።


ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ

ቀላ!!

በረንዳው በኩል! ጫፎቹ ላይ፣ ገና ሮዝ ነገር ነው፣ ግን አለ። ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ ቀና ስል አየሁት። መብራቱ አልነበረም ማለት ነዋ! አንድም ሌሊት ሳላጠፋ ይኸው ቀላ። እንኳን አላጠፋሁት። ይኼን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ስጨነቅ፣ ነገሩ የዘገየው በብርዱ ወይም በፍጉ ይሆናል።

ለእማማ እየሮጥኩ ነገርኳቸው። «ተመስገን» አሉ። ወጥተው አላዩትም። በቁም ነው የሚያንቀላፉት ሰሞኑን። ጉልበታቸውም ላይ ሰንበር አየሁ፤ ምን ሆኑ ብል «ወንበሩ ነው» አሉኝ።

ይኸው፣ መጠበቅ ክፋት የለውም።


ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ፈቃድ ወስጄ ቤት ዋልኩ። ነገ የፈረንጆቹ ዙር ነው።

የገና አበባ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። እንዲሁ ከተውት ያንን ወተት አፍስሶ አፍስሶ በማግስቱ ይጠወልጋል። ስለዚህ የተቆረጠውን ጫፍ ሻማ ላይ ለብለብ ማድረግ ነው፤ ወተቱ ይደፈንና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያድራል። ወተቱ እጅ ያሳክካል፣ ዓይን ከነካማ አይጣል ነው። እኔ ስቆርጥ እማማ ሻማው ላይ ይለበልባሉ። እጃቸው ከኔ ይረጋል።

የጓሮውን ቀይ በሙሉ ቆረጥኩት። ለጠረጴዛዎቹ አልበቃ ሲል አረንጓዴ የጽድ ቅርንጫፍ አበዛሁበት። ከዚያ የበር ጉንጉኖቹን ጨርሼ ከበረንዳው ግድግዳ ጋር ደርድሬ አስደገፍኳቸው።

ትንሽ ቆይቶ ከደጅ ጩኸት ሰማን። ጀማነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ገባች። «ወንድሜን! ኢያቄምን! ያ ደግ ሰው!» ከኋላዋ ደግሞ ሁለት ሴቶች። ክብ የአበባ ጉንጉን መቃብር ላይ እንጂ በር ላይ የት አይታ ታውቃለች? ግቢያችን ውስጥ ተደርድሮ ስታይ እሱ የሞተ ነው የመሰላት።

እኔ ደንዝዤ ቀረሁ። ጽዱ እጄ ላይ ነው። ለቅጽበት እኔም አመንኳት። ልንገር እንግዲህ፣ ማንም አያነበውም፤ ለቅጽበት ቀለል አለኝ። ሞቶ ከሆነ አልቅሼ እወጣለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እናቱ አጠገቤ ተቀምጠው።

እማማ ሻማቸውን እንደያዙ «ማንን ነው የምታለቅሺው?» አሏት።

«ኧረ እማማ… ጉንጉኑ…»

«ይሄ የሆቴል ነው። ኢያቄም አልሞተም። ደህና ነው። ደህናነቱን ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ።»

ጀማነሽ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ዙለይካ በአጥሩ በኩል ሰምታ ኖሮ፣ ሳቋ አላናግር እስኪላት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። እማማ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም ሌላ ቅርንጫፍ አንስተው ለበለቡ።


ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

አስረከብኩ። አቶ ተከስተ ዞር ዞር ብለው አዩና «ጽድ ይበዛዋል» አሉ። በሩ ላይ የሰቀልኩትንም «ይሄ ነገር የለቅሶ አይመስልም?» አሉ። እሳቸውም! ፈረንጆች እንዲህ ነው የሚሰቅሉት ብል «ፈረንጆቹስ ይሁን። ለኛ ገና ግን ጉንጉኑ ይቅር፣ ቀዩ ይብዛ። አይሆንልኝም ካልሽ አሁኑኑ ንገሪኝ፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አሉኝ።

ይሆንልኛል አልኩ። ምን ተማምኜ? በረንዳው በኩል ገና አልበሰለም።

ይሄ ሥራ እንዲያመልጠኝ አልፈልግም። የራሴ የምለው ሌላ ነገር የለኝም ዘንድሮ።


ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ገብርኤል። ቀዩ በየቀኑ ይጨምራል። እኔ ደግሞ በየሰዓቱ ወጥቼ አያለሁ።

ዛሬ ለእማማ «ኢያቄም ለገና አይደርስም ብሏል» አልኳቸው። «አንቺ ልጅ፣ እንቅልፍ ትተኛለሽ?» አሉኝ። ስለ እሱ እያወራኋቸው ስለኔ እንቅልፍ ይጠይቁኛል። ይልቅ የማይተኙት እሳቸው ናቸው፤ ዓይናቸው ደም መስሏል።

ሸኖ የሚሉት ነገር እንደ እሾህ ውስጤ ቀርቷል። እሳቸው ከሄዱ ይሄ ቤት ምን ይሆናል? አስቤው ወደ ውጭ ወጣሁ። ዛፉን አየሁ። ተመለስኩ። ደግሞ ወጣሁ።


ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

ልጽፍ ጊዜ የለኝም። ቀይ፣ ቀይ፣ ቀይ። በረንዳው በኩል እንዲህ ቀልቶ አያውቅም። ስንቆርጥ፣ ስንለበልብ ዋልን። ዙለይካ ሱቋን ዘግታ መጣች። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ድስት ሁሉ አበባ ተነክሮበታል። ዓይኔ ውስጥ ወተቱ ገብቶ ያቃጥለኛል። ነገ በጠዋት።


ታኅሣሥ 28፣ ማክሰኞ፣ የገና ዋዜማ

አስረከብኩ። አቶ ተከስተ ምንም እንከን አላገኙም፤ ፈልገው ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ ካለው ፊት ቆመው ቆዩና «ለትንሣኤስ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ። ከዚያ እስከ ቤት የሮጥኩ ይመስለኛል። ለማን ነው ቀድሜ የምነግረው ብዬ ሳስብ የመጡልኝ እማማ ነበሩ። ሌላ ሰው ትዝ አላለኝም። መንገድ ላይ ይሄን ሳውቅ ቆም አልኩ።

ሲመሽ እንደ ልማዴ መብራቱን ላበራ ሄድኩ። ማብሪያው ሳሎን ነው፣ ከእማማ አልጋ በላይ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ዛሬስ ተይው ልጄ» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መብራቱን። አንቺ ስትተኚ ማጥፋት፣ ሳትነሺ ማብራት፣ ደከመኝ። ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ዛሬ እንኳ ልተኛ።»

እጄ ማብሪያው ላይ ቀረ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ሌሊቱ ካልጨለመለት አይቀላም ብዬ ለዙለይካ ስነግራት ከሰሙ ጀምሮ ነው። በጨለማ ሲዳብሱ ነው ወንበሩ የሚመታቸው።

«ኢያቄም ቢመጣስ?» አልኩ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

«መጥቶ ነበር» አሉ። «በጥቅምት፣ አንቺ ቢሮ ሳለሽ። ላንቻ ቤት ይዣለሁ፣ ነይ ልውሰድሽ አለኝ። ጦቢያን ራስህ ንገራት፣ እኔ የትም አልሄድም ብዬ መለስኩት። ሳይነግርሽ ቀረ። እኔም መናገሩ አቃተኝ። ደወለ ስትዪኝ፣ እሺ እላለሁ።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ለሳቸው ብዬ የዋሸሁ ይመስለኝ ነበር።

እሳቸው ግን አልጨረሱም። ነጠላቸውን እያጣጠፉ፣ ሳያዩኝ፣ «ልጄ ነው፣ አልጠላውም። አሁን ሁሉም ነገር ወጣ እንግዲህ። ልጁ የሌለበት ቤት አማት ምን ትሠራለች እንዳትዪ ፈርቼ ነው ሸኖ ሸኖ የምለው። ካላባረርሽኝ መሄድስ አልፈልግም» አሉ።

አለቀስኩ። እሳቸውም አለቀሱ። ከዚያ ተነስቼ ፍራሼን ከውስጥ ጎትቼ አወጣሁና ከአልጋቸው ሥር ዘረጋሁት። «ምን እያደረግሽ ነው?» አሉኝ። «እዚህ እተኛለሁ። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት ሲነሱ እኔን ረግጠው ነው» አልኳቸው።

ይሄን የምጽፈው በሻማ ነው። ውጭ ጨለማ ነው። እማማ ገና ራሳቸውን ሳያሳርፉ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ያንኮራፋሉ።